በምድር የተሠራ ስሕተት በሰማይ ይገለጣል



የአይሮፕላንን ታሪክ የሚተርክ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው የነጂዎቹን ስም ነው። አይሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት በነበረው ሌሊት ብሎኑን ያጠበቀው፥ ቤንዚኑን ያጣራው፥ ገመዱን የዘረጋው መካኒክ ግን ስሙ አይነሣም። ሥራው መልካም በሆነ ጊዜ ማንም አያየውም፤ በተበላሸ ጊዜ ግን ነጂውና መንገደኛው በነፍሳቸው ይከፍላሉ። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የትናንሽ አይሮፕላኖች አደጋ ከጥገና ስሕተት እንዴት እንደሚመጣ፥ ከሀገራችንና ከወሎ ታሪክ ጋር አያይዤ ለመጻፍ አሰብሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በሀገራችን አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

ነገሩ ለእኛ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች እንግዳ አይደለም። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር የተሠራች ከተማ ስለ ሆነች ለዛሬዎቹ አይሮፕላኖች የሚበቃ ሰፊ ሜዳ የላትም። ወደ ደሴ በአየር የሚመጣ መንገደኛ የሚወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ቦርከና ወንዝ በሚያልፍበት ሜዳ በምትገኘው በኮምቦልቻ ነው። ይህ ሜዳ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የጠላት አይሮፕላኖች ማረፊያ ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከሀገራችን ሲባረር ከአየር ተደብድቧል፤ ደሴም ሚያዝያ 18 ቀን በዚያው ዓመት ነጻ ወጣች። እንግዲህ በራሳችን ላይ የሚያልፈው የሞተር ድምፅ የአያቶቻችንም ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ነበር፤ ዐፅሙ እንጨትና ብረት ሆኖ በጨርቅ የተሸፈነ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዩንከርስ የተባለው የጀርመን አይሮፕላን ተከተለ። ብዙም ሳይቈይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ተምረው ከኢትዮጵያውያን መካከል የመጀመሪያዎቹ ነጂዎች ሆኑ። እንዲህ ያለ አይሮፕላን ሲታይ ቀላል ቢመስልም፥ ጨርቁ ሲቀደድ የሚሰፋ፥ ሽቦው ሲላላ የሚወጥር፥ ሞተሩ ሲቈሽሽ የሚያጥብ ዐዋቂ እጅ ሳያገኝ አንድ ወር እንኳ በደኅና ሊበር አይችልም።

የመጀመሪያውም ታላቅ ክርክር ብዙ አልዘገየም። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥርዓተ ንግሥ ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፥ ሁበርት ጁሊያን የተባለ በትሪኒዳድ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረ በራሪ፥ ጂፕሲ ሞዝ የምትባለውን የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ አይሮፕላን አስነሥቶ ከከሰከሳት። እሱ ራሱ በሕይወት ተረፈ። ሞተሩን ሆን ብለው አበላሽተውብኝ ነው ሲል፥ ሌሎች ደግሞ ጥፋቱ የነጂው ነው አሉ። ጁሊያንም ከሀገር እንዲወጣ ተደረገ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል፤ የሁለት ሰዎች ቃል ሲጋጭ እውነቱን ሊለይ የሚችለው ከአደጋው በፊት የተጻፈ ነገር ነው። ሞተሩን ማን ፈታው? ማን ገጠመው? ከሥራው በኋላ ማን አየው? ይህ በመዝገብ ተጽፎ ካልተገኘ አደጋው ሁሉ የቂምና የሐሜት ምንጭ ይሆናል።

ቀጥሎ የመጣው የጦርነት ዘመን ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ ጦሩን ለመምራት ደሴ ወርደው ነበር፤ በዚያችም ዕለት ራሳቸው በመትረየስ አጠገብ ቆመው ወደ ጠላት አይሮፕላን ሲተኩሱ ታይተዋል። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታልም ከመመታት አልዳነም። ኢትዮጵያ የነበሯት አይሮፕላኖች ጥቂቶችና የጦር መሣሪያ የሌላቸው ስለ ነበሩ፥ ሥራቸው መልእክትና መድኃኒት ማመላለስ፥ ቁስለኛ ማንሣት ነበር። ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባለው ስዊድናዊ መኰንን በቀይ መስቀል ትንሽ አይሮፕላን ወደ ሰሜን ግንባር እየበረረ ያገለገለው በዚህ ጊዜ ነው። ከኢትዮጵያ አይሮፕላኖች በላይ ደግሞ የተሾመው ጆን ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር።

የሮቢንሰን ታሪክ ለተማሪ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። ይህ ሰው በመጀመሪያ በተስኪጊ ትምህርት ቤት የመኪና መካኒክነት ተማረ። ከዚያ ወደ ቺካጎ ሄዶ በከርቲስ ራይት የአይሮፕላን ትምህርት ቤት ለመግባት ቢጠይቅ በቆዳው ቀለም ምክንያት ከለከሉት። እሱ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ በዚያው ትምህርት ቤት ጠራጊ ሆኖ ተቀጠረ፤ ክፍሉን እየጠረገም ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር። በመጨረሻም ተፈቅዶለት ተምሮ ተመረቀ፤ አስተማሪም ሆነ። በግንቦት 1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐድዋ በቦምብ ስትደበደብ በቦታው ነበረ። ከመካኒክነት ተነሥቶ ነጂ የሆነ ሰው እንደ መሆኑ፥ ያልታየ የመካኒክ ስሕተት ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። ከእሱ በፊት የነበረችው የቤሲ ኮልማን ሞት በቺካጎ ጥቁር ነጂዎች ዘንድ የታወቀ ነበርና።

ቤሲ ኮልማን በቴክሳስ ከድኻ ቤተ ሰብ የተወለደች ሴት ናት። በአሜሪካ አገር ጥቁርንም ሴትንም መብረር የሚያስተምር ሰው ብታጣ፥ ፈረንሳይኛ ተምራ ፈረንሳይ ሀገር ሄደች፤ በ1913 ዓ.ም. የነጂነት ፈቃድ ይዛ ተመለሰች። ሚያዝያ 22 ቀን 1918 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ግዛት በጃክሰንቪል ከተማ ለሚደረገው የበረራ ትርኢት ስትዘጋጅ፥ መካኒኳ ዊልያም ዊልስ አይሮፕላኑን ይነዳ ነበር። አይሮፕላኑ በርካሽ የተገዛ አሮጌ ከርቲስ ጄኒ ነበር፤ ከዳላስ ወደ ጃክሰንቪል ሲመጣ ሞተሩ እየታወከ በመንገድ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ያለ ሐሳብ አርፏል። ወዳጆቿ በዚህ አይሮፕላን አትብረሪ ብለዋት ነበር። እሷ ግን በማግሥቱ በጃንጥላ የምትወርድበትን ቦታ ከላይ ለማየት ፈልጋ፥ ወደ ውጭ እንድትጐነበስ መታጠቂያዋን ሳታስር ተቀመጠች። አይሮፕላኑ በድንገት አፍንጫውን ወደ ምድር ደፍቶ ተሽከረከረ፤ ኮልማን ከመቀመጫዋ ተወርውራ ሞተች፤ ዊልስም አይሮፕላኑ ሲከሰከስ ሞተ። ስብርባሪው ሲመረመር አንድ የብሎን መፍቻ በመሪው ማርሽ ውስጥ ገብቶ ተቀርቅሮ ተገኘ።

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ አደጋ የተሰወረ ምስጢር የለም። መፍቻው ከሥራው በኋላ ወደ ሣጥኑ አልተመለሰም፤ ሣጥኑም ሲዘጋ አልተቈጠረም። የመፍቻው መቀርቀር የመጨረሻው ምክንያት ቢሆንም፥ በመንገድ ላይ የታየው የሞተር ሕመም አይሮፕላኑ እንክብካቤ የጐደለው መሆኑን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አሁን ደግሞ የጥገና ስሕተት ምን ምን ዓይነት እንደ ሆነ በየተራ እንመልከት።

አንደኛው በቤንዚን ውስጥ የሚገባ ውሃ ነው። ከበርሜል የሚቀዳ ቤንዚን በሌሊት ቅዝቃዜ ጊዜ ከአየሩ እርጥበት ውሃ ያጠራቅማል። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ወደ ሞተሩ የሚሄደውም ቧንቧ የሚጀምረው ከታች ነው። ከቧንቧው ውስጥ ያለው ንጹሕ ቤንዚን እስኪያልቅ ድረስ ሞተሩ በመሬት ላይ ደኅና ይሠራል፤ አይሮፕላኑ ተነሥቶ ገና ከፍታ ሳይዝ ግን ውሃው ይደርስና ሞተሩ ይጠፋል። መድኃኒቱ እጅግ ቀላል ነው፤ በየማለዳው ከማጠራቀሚያው ሥር ጥቂት ቤንዚን በብርጭቆ ቀድቶ ማየት ነው። ብርጭቆውን ለማየት የሚወስደው ጊዜ ሻይ ከሚጠጣበት ጊዜ ያንሳል።

ሁለተኛው ከላይ እንዳየነው የተረሳ ዕቃ ነው፤ መፍቻ፥ ካቻቢቴ ወይም መጥረጊያ ጨርቅ። መልካም የጥገና ቤት ለእያንዳንዱ መሣሪያ በሰሌዳ ላይ ቅርጹን ይሥላል። ባዶ ሥዕል በታየ ጊዜ መሣሪያው እስኪገኝ ድረስ አይሮፕላኑ አይነሣም።

ሦስተኛው የማጠባበቅ ጉድለት ነው። የአይሮፕላን ሞተር ሲሠራ ሁለንተናውን ያንቀጠቅጠዋል። በዚህ መንቀጥቀጥ ምክንያት ዳዶ ከብሎኑ ላይ ቀስ በቀስ ይፈታል። ስለዚህ ዳዶው እንዳይዞር ትንሽ ሽቦ ወይም ስንጥቅ ሚስማር በቀዳዳው ውስጥ ይሰካል። ይህች ትንሽ ሽቦ ከተረሳች አይሮፕላኑ በዚያው ቀን ላይወድቅ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ሊወድቅ ይችላል። መካኒኩ የረሳውን ነገር ራሱ ከረሳው በኋላ ማለት ነው።

አራተኛው ተገላቢጦሽ መግጠም ነው። የክንፉን መሪ የሚስቡት ገመዶች በስሕተት ቢለዋወጡ ነጂው ወደ ቀኝ ሲል አይሮፕላኑ ወደ ግራ ይጋደማል። ነገሩ ሊሆን የማይችል ቢመስልም በታላላቅ ሰዎች ላይ ሳይቀር ደርሷል። ላንካስተር የተባለውን ታዋቂ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ የነደፈው ሮይ ቻድዊክ፥ ነሐሴ 17 ቀን 1939 ዓ.ም. ራሱ በነደፈው ቱዶር በተባለ አዲስ አይሮፕላን ለሙከራ ሲሳፈር፥ በጥገና ጊዜ ገመዶቹ ተለዋውጠው ተገጥመው ነበርና አይሮፕላኑ ወዲያው እንደ ተነሣ ወደቀ። ቻድዊክና ሌሎች ሦስት ሰዎች ሞቱ። የነደፈው ሊቅ፥ የሚነዱት ደግሞ የሠለጠኑ ነጂዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ከመነሣቱ በፊት አንድ ሰው መሪውን ወደ ቀኝ ይዞ ሌላ ሰው ደግሞ ውጭ ቆሞ ክንፉን ቢመለከት ኖሮ ስሕተቱ በመሬት ላይ ይገኝ ነበር።

አምስተኛውና በእኔ አሳብ ከሁሉ የሚከፋው፥ ተጀምሮ ያላለቀ ሥራ ለተረኛ ሳይነገር መቅረቱ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 1983 ዓ.ም.፥ እኛ የዘመን መለወጫን ዋዜማ ስናከብር፥ በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት አንድ 30 ሰው የሚይዝ አይሮፕላን በአየር ላይ ተሰባብሮ 14 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት የማታ ተረኞች ከጅራቱ ግራ ክንፍ ላይ 47 ብሎኖች ፈትተው ነበር። ተረኞቹ ሲለዋወጡ ነገሩ በሚገባ አልተጻፈም፤ ለሚመጡትም አልተነገረም። የሌሊት ተረኞች ሥራው ያለቀ መስሏቸው አይሮፕላኑን ለጧት በረራ አስረከቡ። 47ቱ ብሎኖች ሳይመለሱ ቀሩ። እንግዲህ ሰዎቹን የገደላቸው የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የአንድ መስመር ጽሑፍ መጉደል ነበር።

እነዚህ ሁለቱ አይሮፕላኖች ከትናንሾቹ የሚበልጡ መሆናቸውን ዐውቃለሁ። ነገር ግን ገመዱም ብሎኑም በትልቁም በትንሹም አይሮፕላን አንድ ነው። ይልቁንም በትንሹ አይሮፕላን ነገሩ ይብሳል፤ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ አንድ ብቻ ነውና፥ እሱ ከጠፋ የሚተካው የለም። መካኒኩም ብዙ ጊዜ ብቻውን ይሠራል፤ የፈታውን ራሱ ይገጥማል፤ የገጠመውን ራሱ ይመረምራል። የገዛ ስሕተትን ማየት ደግሞ የገዛ ጀርባን እንደ ማየት ነው።

በሀገራችን ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። የኮምቦልቻ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1800 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ተራ የትንሽ አይሮፕላን ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ኀይል አምስተኛውን እጅ ያህል ያጣል፤ ቀትር ላይ ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ክንፉም የሚሸከመው ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳር ከተማ «ጥቂት ደክሟል» ተብሎ የሚታለፍ ሞተር፥ ማለትም አንዱ ካንዴላ የቈሸሸበት ወይም የአየር ማጣሪያው በአቧራ የተደፈነ ሞተር፥ በእኛ ተራሮች መካከል ሊያስነሣ ይችላል፤ ከተራራው በላይ ለማውጣት ግን ላይበቃ ይችላል። የየጎፍን ተራራ ከኮምቦልቻ ሆኖ የተመለከተ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በዚህ አገር የሚሠራ መካኒክ ከሌላው አገር መካኒክ ይልቅ እጥፍ መጠንቀቅ አለበት።

ታዲያ መፍትሔው ምንድር ነው? ታሪክ ሁለት መልስ ይሰጠናል፤ መጻፍና ሁለተኛ ዓይን።

ደሴ በቦምብ ከመደብደቧ ከጥቂት ሳምንታት በፊት፥ ጥቅምት 19 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ አዲስ የተሠራ አንድ ታላቅ የቦይንግ አይሮፕላን ለሙከራ ሲነሣ ወድቆ ተቃጠለ። በመሬት ሳለ መሪውን ነፋስ እንዳያወዛውዘው የሚቈልፈው መሣሪያ ሳይፈታ ቀርቶ ነበር። ነጂው እጅግ የተመሰገነ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ሰዎቹ የተሻለ ነጂ እንፈልግ አላሉም። ከመነሣት በፊት የሚታየውን ነገር ሁሉ በወረቀት ዘርዝረው፥ እያንዳንዱ እየተነበበ እንዲረጋገጥ አደረጉ። ይህ ልማድ ከዚያ ወዲህ ወደ ትንሿም አይሮፕላን፥ ወደ ጥገና ቤትም ገብቷል። ጐበዝ ሰውም ይረሳል፤ ወረቀት ግን አይረሳም።

በሀገራችንም ይህ ሥርዓት በብዙ ድካም ተተክሏል። ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ጥቂት ባልንጀሮቹን ይዞ ተመልሶ፥ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ነጂነትንና የአይሮፕላንን ሥራ አስተማረ። ፎን ሮዘንም ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ በቢሾፍቱ የአየር ኀይላችንን በማቋቋም አገለገለ፤ በ1960ዎቹ መካከል ረሀብ በደረሰ ጊዜም መኪና በማይደርስባቸው ቦታዎች በትናንሽ አይሮፕላኖች የእህል ከረጢት ያስጥል ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ አደረገ። በመጀመሪያ ከአሜሪካ በመጡ ባለ ሙያዎች እጅ የነበረው የጥገና ሥራ ቀስ በቀስ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ፤ ዛሬም አየር መንገዱ የራሱን መካኒኮች በራሱ ትምህርት ቤት ያሠለጥናል። ሮቢንሰን ግን ይህን ሁሉ ሳያይ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ትንሽ አይሮፕላን ሲያበር ወድቆ ቈሰለ፤ በዚያው ወርም ዐረፈ። መቃብሩ በጉለሌ ነው።

በ1928 ዓ.ም. በሀገራችን ተሠርታ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው ትንሽ አይሮፕላንም መታወስ ይገባታል። ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ የነደፋት ይህች አይሮፕላን በጠላት ተወስዳ በኢጣልያ ቤተ መዘክር ብዙ ዘመን ቈይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ ሀገሯ ተመልሳለች። ስትመለስ የተደሰትነው ክንፏን አይተን ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱን ብሎኗን በአንድ ወቅት አንድ እጅ እዚሁ ሀገር አጥብቆታልና ነው።

ከማጠቃለሌ በፊት ስለ ሁለተኛው ዓይን አንድ ነገር ልናገር። በእኛ ባህል ታናሽ የታላቁን ሥራ «አጥብቀኸዋል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ እንደ ድፍረት ይቈጠራል። ተማሪ አስተማሪውን፥ ልጅ አባቱን፥ ረዳት አለቃውን አያርምም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። ይህ አክብሮት በቤትና በማኅበር መልካም ነው፤ ሊጠፋም አይገባውም። በጥገና ቤት ግን ታላቁ ራሱ ታናሹን ጠርቶ «ና፥ የሠራሁትን እይልኝ» ሊለው ይገባል። ያን ጊዜ መጠየቅ ድፍረት መሆኑ ይቀራል፤ ሥራ ይሆናል። ደግሞም መፍቻ የጠፋበት ረዳት ቅጣት ፈርቶ ዝም ካለ፥ የቤሲ ኮልማን ዕጣ በሌላ ሰው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ስሕተቱን አይሮፕላኑ ሳይነሣ የተናገረ ሰው ሊመሰገን እንጂ ሊሰደብ አይገባውም። ቁጣ ስሕተትን አያጠፋም፤ ይደብቀዋል እንጂ።

ውድ ጓደኞቼ፤ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን ከምንወጣው መካከል አንዳንዶቻችን በጋራዥ፥ አንዳንዶቻችን በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፥ አንዳንዶቻችንም በአይሮፕላን ጥገና ቤት እንሠራ ይሆናል። ሐኪም የሚሆን፥ መድኃኒት የሚቀምም፥ ድልድይ የሚሠራም አይጠፋም። የሁላችንም ሥራ ከመካኒኩ ሥራ ጋር አንድ ነው፤ በእጃችን ያለፈውን ነገር ሌላ ሰው አምኖ ይሳፈርበታል። እንግዲህ የሠራነውን እንጻፍ፤ የጻፍነውን እንፈርምበት፤ የፈረምንበትንም ሌላ ሰው እንዲያየው እንለምን። ወላጆቻችንና አስተማሪዎቻችንም ስሕተታችንን ስንነግራቸው በትዕግሥት ይስሙን። ከዚህ በኋላ በኮምቦልቻ ሰማይ ላይ የአይሮፕላን ድምፅ በሰማን ጊዜ ነጂውን ብቻ ሳይሆን፥ ሌሊቱን ብሎኖቹን ቈጥሮ ያደረውንም ሰው እናስበው።